ለሐበሻ ከብት የዝምድና ጥናት ናሙና አወሳሰድ፦ ለአዲስ አበባ ዙሪያ

ሱሉልታ፣ ሆለታና ሰንዳፋ አካባቢ «የሐበሻ ላም» የምትባለው አያቷ የፈረንጅ ኮርማ ሊሆን ይችላል። የሆልስታይን (የፈረንጅ የወተት ከብት ዝርያ) አባለዘር እዚህ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራጭ ስለቆየ ሻኛና ቀለም አይቶ መፍረድ አያዋጣም። ስለዚህ ቦረና፣ ሆሮ፣ ፎገራ፣ አርሲና ሸኮ የሚባሉት የሐበሻ ከብት ዝርያዎች እንዴት እንደሚዛመዱ የሚፈትሽ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ላቦራቶሪ ሳይደርስ፣ በረቱ ደጃፍ ላይ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቁ። ላሟ እዚሁ ተወለደች ወይስ ተገዛች? እናቷን ያስጠቁት በጎረቤት ኮርማ ነው ወይስ አዳቃይ ባለሙያ ተጠርቶ? ያ ኮርማ ሌላ የማንን ላም አጥቅቷል? የአንድ ኮርማ ልጆች ከበዙ ዝርያው ከእውነቱ የጠበበ መስሎ ይታያል፤ አያት ከሚጋሩት አንዱን ብቻ ይያዙ። ለአንድ ዝርያ ቢያንስ 25፣ ቢቻል 40 ከብት ያስፈልጋል። ማነጻጸሪያ የሚሆኑትን ከገበያ አይውሰዱ፤ ቦረናን ከቦረና፣ ሆሮን ከወለጋ፣ ፎገራን ከጣና ዳር ያምጡ። «የቦረና ነው» የሚል ነጋዴ የሚያወራው ስለ ሥጋው ነው።

ናሙናው ከጭራ የሚነቀል ጸጉር ነው፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ላሟን አሳስረው በጎን ይቁሙ። ከጭራዋ ጫፍ ንጹሕና ደረቅ ቦታ መርጠው (እበት ካለ አጥበው፣ አድርቀው) ከ10 እስከ 15 ጸጉር ጣትዎ ላይ ይጠምጥሙ፤ ከቆዳው አጠገብ ይዘው በአንድ ጊዜ ይንቀሉ። ቀስ ብሎ መጎተት ጸጉሩን ይበጥሰዋል። ወደ ብርሃን ሲያዩት ጫፉ ላይ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነጭ እብጠት ከሌለ ሥሩ አልወጣም፤ በመቀስ የተቆረጠማ ለዚህ ሥራ ከንቱ ነው። ሥር ያላቸው ከ30 እስከ 50 ጸጉሮች እስኪሞሉ ይድገሙ። የጥጃ ጸጉር ሥሩ ደቃቅ ስለሆነ አዋቂ ይምረጡ። ለእያንዳንዱ ከብት ጓንት ይቀይሩ። ናሙናውን በወረቀት ፖስታ እንጂ በፌስታል አያስቀምጡ፤ እርጥበት ከታፈነ ሻጋታ ያበላሸዋል። ፖስታው ላይ ቁጥር፣ ጾታ፣ ዕድሜና ቀበሌ በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ይጠፋል። ከፊትና ከጎን ፎቶ ያንሱ፣ ሻኛው በጎኑ ፎቶ ላይ በደንብ ይታይ። መንታ ሆና የተወለደች ላም ደሟ የመንታዋን ሕዋስ ሊቀላቅል ስለሚችል፣ ደም ለመቅዳት ያሰቡም ቢሆን ከእሷ ጸጉር ይውሰዱ።

ቀጥሎ ከጸጉሩ ሥር ከሚገኘው ዲኤንኤ (የዘር መረጃ) የትኛውን ክፍል በላቦራቶሪ እንደሚያስነብቡ ይወስኑ። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰውን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ካስነበቡ፣ ሻኛዋ የቆመ የቦረና ላም እንኳ ሻኛ ከሌላቸው ከብቶች ወገን ሆና ትወጣለች፤ ከእስያ የመጣው የዜቡ (የባለሻኛ ከብት) ደም ወደ አፍሪካ ከብት የገባው በዋናነት በኮርማ በኩል ስለሆነ ነው። ያንን የሚያሳየው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወረሰው ዋይ ክሮሞዞም ስለሆነ ከናሙናው መካከል ኮርማ ወይም በሬ ይኑር። ሰፋ ያለውን ምስል የሚሰጠው በዲኤንኤው ላይ ከከብት ከብት የሚለያዩ 50 ሺህ ገደማ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ የሚያነብ ቺፕ (የላቦራቶሪ መመርመሪያ) ነው። ነጥቦቹ በብዛት የተመረጡት ከአውሮፓ ዝርያዎች ስለሆነ ግን የሐበሻ ከብት ብዝሃነት አንሶ ይወጣል፤ ገንዘብ ካለ 777 ሺህ ነጥብ ያለው ይሻላል።

የሆልስታይን ናሙናም አብሮ ይነበብ። በውጤቱ ከእሱ ጋር የተቀላቀሉትን ከብቶች አውጥተው ሥሌቱን እንደገና ይሥሩ። ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውን ወደ በረት ከመውጣትዎ በፊት ያስገቡ።