የቦልተን አረጋውያን ልጅነታቸውን እንዲያወሩን እንዴት እንጠይቃቸው?

ቦልተን፣ ኦልድሃም፣ ሮችዴል፣ በርንሊ... በነዚህ የሰሜን እንግሊዝ ከተሞች በኬር ሆም (በአረጋውያን መጦሪያ) የምንሠራ ሐበሾች እየበዛን ነው። ስልጠና ላይ ሰው ማንሳት፣ ማጠብና መመገብ እንማራለን። ወሬ ማስጀመር ግን ማንም አያስተምረንም። እኔ የምሠራው ቦልተን ነው። የምንከባከባቸው ብዙዎቹ የጥጥ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። እናት ፈታይ ወይም ሸማኔ ነበረች፤ አባት ከሰል ጉድጓድ ይወርዳል ወይም ማሽን ይጠግናል። ዛሬ ፋብሪካዎቹ ወይ ፈርሰዋል ወይ አፓርታማ ሆነዋል። ያንን ኑሮ በዓይናቸው ያዩት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ በየክረምቱም እያለቁብን ነው። ስለዚህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አቀማመጣችሁን አስተካክሉ። ሽመና ቤት ውስጥ ማሽኑ ሁሉ አንድ ላይ ሲንኳኳ ጆሮ ያደነቁራል። ሠራተኞቹ አፋቸውን አጋነው እየከፈቱ በከንፈር ነበር የሚነጋገሩት። ብዙዎቹ የመስማት ችግራቸው ከዚያ የመጣ ነው፤ ከንፈር ማንበብ ግን አሁንም ይችላሉ። ስለዚህ ከጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀመጡ። የመስኮቱ ብርሃን እናንተ ፊት ላይ ይረፍ። አፋችሁን በእጅ አትሸፍኑ። ቴሌቪዥኑን አስፈቅዳችሁ አጥፉ። ይህን ብቻ አድርጋችሁ "አትሰማም" የተባለች ሴት ስታወራ ልታዩ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ጥያቄው ነው። "ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ" ካላችሁ "ምን የሚነገር አለ ብለሽ ነው" ብለው ይዘጉታል። ጥያቄው በጣም ሰፊ ነው። እቃ ጠይቁ፤ ቀን ጠይቁ። እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ "ሰኞ ምን ትበሉ ነበር?" የሚለው ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ሥጋ ነው፤ የእሑድ ጥብስ ትራፊ። ለምን? ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለሆነ እናት ምግብ ለመሥራት ጊዜ የላትም። ከዚያ ወሬው ራሱ ይሄዳል። ውሃ ማፍላቱ፣ ልብሱን በገንዳ ውስጥ ረጅም እጀታ ባለው መውቂያ መውቃቱ፣ ሁለት ጥቅልሎች መሃል አስገብቶ መጭመቁ። ገመዱ ከቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ይወጠራል። የከሰል ጋሪ ከመጣ ሁሉም ሮጦ ልብሱን ያነሳል። ነፋሱ የፋብሪካውን ጭስ ካመጣው ደግሞ ጥላሸቱ ነጩ አንሶላ ላይ ያርፋል፤ እንደገና ማጠብ ነው። ንጹሕ አየር ሕግ የወጣው በ1956 ነው። ከዚያ በፊት ያደጉት ሁሉ ይህን ጥላሸት ያውቁታል።

ከሰኞ ቀጥሎ ደጃፍ ጠይቁ። የድሮ ቤቶቹ ተያይዘው የተሠሩ የጡብ ቤቶች ናቸው፤ በራቸው በቀጥታ መንገዱ ላይ ይከፈታል። እናቶች የበሩን የድንጋይ ደረጃ በጉልበታቸው ተንበርክከው ይፈገፍጋሉ። ከዚያ ጠርዙን ዶንኪ ስቶን በሚባል እንደ ሳሙና በተቆረጠ ድንጋይ ይቀቡታል። ድንጋዩን የሚያመጣው በጋሪ የሚዞረው ቆራሌው ነው፤ አሮጌ ልብስ ይወስዳል፣ ድንጋይ ይሰጣል። "የእናንተ ደረጃ ቀለሙ ምን ነበር? ነጭ ወይስ ክሬም? ማን ነበር የሚቀባው?" በሉ። ብዙም የማይናገሩ አንዲት እናት ይህን ስጠይቃቸው መጀመሪያ እጃቸው ነው የመለሰልኝ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ከግራ ወደ ቀኝ ይቀቡ ጀመር። ቃሉ ኋላ መጣ፤ ያልደረቀውን ደረጃ ረግጠው የተቆጡትን ሁሉ ነገሩኝ።

ስለዚህ እጅ የሚነካው ነገር አቅርቡ። እኔ ከደሴ እንዝርት አስልኬ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አያቴ በእጇ ትፈትል ነበር። እንዝርቱን ሳሾረው የድሮ ፈታዮች ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። ክሩን በጣቶቻቸው መሃል ይፈትሹታል፤ ወፍራም ነው ብለው ይፈርዱብኛል። ልክ ናቸው። ቦልተን እኮ የቀጭን ክር ከተማ ነበረች። ሳሙኤል ክሮምፕተን በ1779 የመፍተያ ማሽኑን የሠራው እዚሁ ነው።

የተወለዱበትን ዓመት እዩና አስሉ። በ1940 የተወለደ ሰው ነጻው የመንግሥት የጤና አገልግሎት (NHS) ሐምሌ 1948 ሲጀመር ሰባት ወይም ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሐኪም ለመጥራት ገንዘብ ይጠየቅ እንደነበር ሊያስታውስ ይችላል። ከረሜላ ከጦርነቱ ዘመን ራሽን (በመጠን ከሚታደል ሸቀጥ) የወጣው በየካቲት 1953 ነው። የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ሲደፋ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። በዚያን ጊዜ ትምህርት ማቆም የሚቻለው በ15 ዓመት ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያ ቀጥታ ፋብሪካ ገቡ። "የመጀመሪያ ደመወዝዎን ለማን ሰጡ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ እናት ናት፤ ፖስታው ሳይከፈት።

ዝም ካሉ የባሕር ዳርቻ መዝናኛዋን ከተማ ብላክፑልን አንሱ። የየከተማው ፋብሪካ በበጋ የራሱ የእረፍት ሳምንት ነበረው፤ ዌክስ ይሉታል። ማሽኑ ይቆማል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰፈሩ በሙሉ በባቡር ወደ ባሕር ይወርዳል። እረፍቱ ለረጅም ጊዜ ደመወዝ አልነበረውም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ሳንቲም ያስቀምጡ ነበር። ልጆቹ ባቡሩ ውስጥ ይወዳደራሉ፤ በ1894 የተከፈተውን የብላክፑል ማማ መጀመሪያ ያየ ያሸንፋል። በዚያች ሳምንት ጭስ ማውጫዎቹ ስለማይጨሱ ከተማ የቀረ ሰው ተራራውን ጥርት አድርጎ ያየዋል። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ሲበራ አይቼ አልጠግብም።

ሁሉም ታሪክ ግን ደስ አይልም። ከጦርነት ያልተመለሰ አባት አለ፤ በከሰል አቧራ ሳንባው ያለቀ አለ። በ11 ዓመታቸው የተሻለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስገባውን ፈተና አልፈው ዩኒፎርም መግዣ አጥተው የቀሩም አሉ። ይህ ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላም ያንገበግባል። እንባ ከመጣ ቶሎ ርዕስ አትቀይሩ። እጃቸውን ያዙ፤ ይጨርሱ። "ይብቃ" ካሉ ይብቃ። የመርሳት በሽታ ያለባት እናት "እናቴ እየጠበቀችኝ ነው" ካለች "ሞታለች" ብላችሁ አታስደንግጧት። "እናትሽ ምን ትሠራ ይሆን?" በሏት።

በነገራችን ላይ ከሕንዷ ጉጃራትና ከፓኪስታን መጥተው በ1960ዎቹ ሌሊት ፈረቃ የሠሩትን አትርሱ። ልጅነታቸው ሌላ አገር ነው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ግን እነዚሁ ጎዳናዎች ላይ ነው።

ፎቶ ከፈለጋችሁ በ1937 ማስ ኦብዘርቬሽን የተባለ ቡድን ቦልተን መጥቶ የሰዉን ኑሮ መዝግቧል። የቡድኑ ፎቶ አንሺ ሃምፍሪ ስፔንደር ያነሳቸው ፎቶዎች በቦልተን ሙዚየም አሉ፤ ኢንተርኔት ላይም ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ፎቶ ብቻ በትልቁ አሳትሙና ጠረጴዛ ላይ አኑሩ። ብዙ ፎቶ ያደክማል። የተወለዱበት መንገድ ከፈረሰ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የድሮ ካርታዎች በነጻ አሉ። ስሙን ፈልጋችሁ በጣታቸው እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ፦ ቤታቸው የት፣ ዳቦ ቤቱ የት፣ ትምህርት ቤቱ በየት በኩል።

ድምፅ ለመቅዳት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ከራሳቸው፣ ከዚያም ከኃላፊያችሁ ፈቃድ ያዙ። መወሰን የማይችሉ ከሆነ ኃላፊያችሁና ቤተሰብ ይነጋገሩበት። ቲክቶክ ላይ ማውጣት በፍጹም አይሆንም፤ ሥራችሁንም ታጣላችሁ፣ ክብራቸውንም ትነካላችሁ። ወሬውን ስትጽፉ እንግሊዝኛቸውን አታርሙ፤ እንዳሉት ይቀመጥ። ከላይ ቀኑን፣ የተወለዱበትን ዓመትና የመንገዱን ስም ጻፉ። በትልቅ ፊደል አሳትማችሁ አንብቡላቸው፤ የተሳሳተውን ያርሙ። አንዱ ቅጂ ክፍላቸው ውስጥ ይቀመጥ፤ ተተኪው ፈረቃ ሲገባ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ሌላው እነሱ ከፈቀዱ ለልጆቻቸው ይሰጥ።