ኦክታቪያ በትለርን በምን ቅደም ተከተል ማንበብ ይሻላል?

የአሜሪካዊቷን ደራሲ የኦክታቪያ በትለርን መጻሕፍት ለማንበብ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ገና መነሻው ላይ ነው። የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1976 የታተመው «ፓተርንማስተር» ስለሆነ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከእሱ መጀመር ያለበት ይመስለዋል። ያ መጽሐፍ ግን የአንድ ረጅም ታሪክ ማብቂያ ነው፤ ደራሲዋ መጨረሻውን አስቀድማ ጽፋ መነሻውን ያሳተመችው በ1980 ነው። በዚያ በኩል የገባ አንባቢ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ሳይገባው መጽሐፉን ያስቀምጠዋል።

በ«ብለድቻይልድ» ጀምሩ። በ1984 የወጣ አጭር ልቦለድ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል፣ የሳይንሳዊ ልቦለድን ሁለት ትልልቅ ሽልማቶች ሁጎንና ኔቡላንም አግኝቷል። ከምድር የሸሹ ሰዎች በሌላ ፕላኔት ግዙፍ ነፍሳት የሚመስሉ ፍጡራንን ተጠግተው ይኖራሉ። የመጠጊያው ዋጋ የፍጡራኑን እንቁላል በሰውነት ተሸክሞ ማሳደግ ነው፤ ተሸካሚዎቹም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ጋን የሚባለው ልጅ የአንድ ሰው ሆድ ተሰንጥቆ ትሎቹ ሲለቀሙ የሚያይበት ቦታ ስትደርሱ ቆም በሉና ያንኑ ገጽ ድገሙት። ፕላኔቱና ፍጡራኑ ከሳይንሳዊ ልቦለድ የመጡ ናቸው፤ ደሙ ከአስፈሪ ታሪክ። ትሎቹን የምትለቅመው ፍጡር ግን ጋን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእቅፏ ያደገባት ናት፤ የሚሰማው ነገር የቤተሰብና የፍቅር ታሪክ ነው። ሦስቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሠሩ እዚህ ካስተዋላችሁ በረጃጅሞቹ መጻሕፍት ውስጥ አይጠፋችሁም።

የተለመደው ስህተት ታሪኩን የባርነት ምሳሌ አድርጎ መውሰድ ነው። በትለር መጨረሻው ላይ ባሰፈረችው ማስታወሻ ይህን አትቀበልም፤ የፍቅር ታሪክ ነው፣ ያረገዘ ወንድ ታሪክም ነው ትላለች። ወደ ፔሩ አማዞን ልትሄድ ስትል እጭዋ በሰው ቆዳ ሥር የሚያድግ ዝንብ እጅግ ስላስፈራት ፍርሃቷን ለማቅለል ጽፋዋለች። ማስታወሻውን ግን ከታሪኩ በፊት አታንብቡት፤ ድንጋጤውን ይቀማችኋል።

ቀጥሎ የ1979ኙ «ኪንድሬድ» ነው። በ1976 ሎስ አንጀለስ የምትኖረው ጥቁር ወጣት ዴና በጊዜ ወደ ኋላ፣ ባሮች ወደሚሠሩበት የሜሪላንድ እርሻ ትሳባለች። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ በግራ የዴናን ጊዜ፣ በቀኝ የእርሻውን ጊዜ መዝግቡ። ጉዞዎቹ ስድስት ናቸው። ዴና ባሏን ኬቨንን ትታ በተመለሰች ጊዜ ቤቷ 8 ቀን ስትቆይ እሱ እዚያ 5 ዓመት ይገፋል፤ ይህን ያልመዘገበ አንባቢ ኬቨን ለምን ሌላ ሰው እንደሆነ ግራ ይገባዋል። የጉዞውን ሕግም ጻፉ፦ የምትሄደው የባሪያ ጌታው ልጅ ሩፈስ ሊሞት ሲል ነው፣ የምትመለሰው ደግሞ እሷ ልሞት ነው ብላ ስትደነግጥ። ስለዚህ ግርፋት እንደማይገድላት ካወቀች በኋላ ግርፋት ወደ ቤቷ አይመልሳትም። የመጽሐፉ ጭካኔ ያለው እዚህ ሕግ ውስጥ ነው። በጊዜ የሚያጓጉዝ ማሽን አትጠብቁ፣ የለም። በትለርም ሳይንስ ስለሌለበት ሳይንሳዊ ልቦለድ አይደለም ትል ነበር። እናቷ በሰው ቤት ተቀጥራ በጓሮ በር ስትገባ እያየች ያደገች ደራሲ ናትና፣ ዝቅ ብሎ መኖር ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ በዴና ገላ ላይ አሳየችን።

በሦስተኛ ደረጃ የሚመጡት የ1993 እና የ1998 መጻሕፍት ርዕሳቸው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፦ የዘሪው ምሳሌና የመክሊቱ ምሳሌ። ሉቃስ ምዕራፍ 8ን እና ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ሁለቱም መጻሕፍት የሚዘጉት በየምሳሌያቸው ነው። የመጀመሪያው የሚጀምረው በሐምሌ 2024 ነው፣ 15 ዓመት የሞላት የሎረን ማስታወሻ ደብተር ሆኖ። በየምዕራፉ አናት ያሉትን ስንኞች አትዝለሉ፤ ልጅቷ የምትመሠርተው ሃይማኖት ቅዱስ ጽሑፍ እነሱ ናቸው። ሦስተኛ ክፍል ፍለጋ አትድከሙ፣ ሳትጨርሰው ነው ያረፈችው።

ከዚህ በኋላ ወደ «ፓተርንማስተር» ታሪክ ተመለሱ፤ ቅደም ተከተሉ «ዋይልድ ሲድ»፣ «ማይንድ ኦቭ ማይ ማይንድ»፣ «ክሌይስ አርክ»፣ በመጨረሻ «ፓተርንማስተር»። የ1978ቱን «ሰርቫይቨር» እሷው ራሷ ስላልወደደችው እንደገና እንዳይታተም ከልክላለች። አሮጌው ቅጂ በውድ ይሸጣል፤ ብትዘሉት ታሪኩ አይበጠስም።

ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ «ዜኖጄነሲስ» እና «ሊሊትስ ብሩድ» ሦስት መጻሕፍት ላሉት አንድ የበትለር ታሪክ የተሰጡ ሁለት ስሞች ናቸው። ውስጡ «ዶውን»፣ «አደልትሁድ ራይትስ» እና «ኢማጎ» ካለ ያው ነው።

የ2005ቱ «ፍሌጅሊንግ» ለመጨረሻ ይቆይ። ደም መጣጯ ሾሪ 53 ዓመቷ ቢሆንም መልኳ የ10 ዓመት ልጅ ነው፤ ከአዋቂ ሰው ጋር ያላት የአልጋ ግንኙነት ብዙ አንባቢ ይረብሻል። ለታዳጊ ልጅ አትስጡት።