በካቬሪ ዳር የሂንዱ ቤተ መቅደሶችን ስትዞሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ባለፈውም ያው ሆነ። ከቼናይ ተነስተው ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ አራት የሀገሬ ሰዎች ኩምባኮናም የምትባለው የደቡብ ሕንድ ከተማ ገቡ። ሆቴል ያዙ፣ ተጣጠቡ፣ ቁርስ በሉ፣ ትንሽ አረፍ አሉ። ቤተ መቅደሱ በር ላይ የደረሱት ቀትር ላይ ነው። ጠባቂው ትልቁን የእንጨት በር እየገፋ ሲዘጋው እኔም ቆሜ አየሁ። እናትየው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ነበር። «ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣነው በልልኝ እስቲ» አሉኝ። አልኩላቸው። ጠባቂው በትህትና ራሱን ነቀነቀ፤ በሩም ተዘጋ።

እኔ ወደዚህ አካባቢ የመጣሁት ለትምህርት ነው፣ ትሪቺ ወደምትባለው ከተማ። አከራዮቼ በየዓመቱ ስለት ይዘው የዘጠኙን ፕላኔቶች ቤተ መቅደሶች የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ግን ቤተሰብ አድርገውኝ ስለነበር አብሬያቸው እሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎችን፣ ሕመምተኛ ይዘው ለሕክምና ቼናይ የመጡ ቤተሰቦችንም ብዙ ጊዜ ወስጃለሁ። የሚሳሳቱት ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ቀትርን መርሳት

ይህን አንዱን ብቻ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። በካቬሪ ወንዝ ዴልታ ያሉት ቤተ መቅደሶች አብዛኞቹ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ይከፈታሉ። ቀን 6 ሰዓት አካባቢ ይዘጋሉ። እንደገና የሚከፈቱት 10 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ድረስ ይቆያሉ።

ሰዎች ይህን እንደ መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ያዩታል። አይደለም። የአምላካቸው ምስል ጠዋት ይቀሰቀሳል፣ ገላው ይታጠባል፣ ልብስና አበባ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ ቀትር ላይ ያርፋል፣ ማታ ይተኛል። የበሩ ሰዓት የእሱ የቀን ውሎ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነገር ላስይዘው» ብላችሁ ወደ ጠባቂው አትጠጉ። «አምስት ደቂቃ ብቻ» አትበሉ። እኛ ቅዳሴ ላይ ያለ ካህን አስቁመን ቤተ ክርስቲያኑን አስጎብኘን እንላለን? አንልም።

የሰዓት አቆጣጠራችንም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ለባጃጅ ሹፌር «ነገ 12 ሰዓት ና» ብዬው ተኛሁ። እኔ ጠዋት ማለቴ ነው። እሱ በእነሱ 12 ሰዓት፣ ማለትም ቀትር ላይ መጣ። የሄድንበት በር ተዘግቶ ጠበቀን። ሹፌሩ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን ከሹፌርም ከሆቴልም ጋር ስነጋገር በእነሱ ሰዓት ነው። ደግሞም «ጠዋት» የምትለዋን ቃል አልዘላትም።

ከዚህ የሚወለደው ሌላው ስህተት ዘጠኙን በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር ነው። የፀሐዩ ሱሪያናር ኮቪል፣ የጨረቃው ቲንጋሉር፣ የማርሱ ቫይቲስዋራን ኮይል፣ የጁፒተሩ አላንጉዲ፣ የሳተርኑ ቲሩናላር፣ ሌሎቹም በኩምባኮናም ዙሪያ ተበትነዋል። ቲሩናላር ብቻውን ከከተማዋ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እንዲያውም የሚገኘው እንደ ሌሎቹ በታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር ሳይሆን በፑዱቼሪ ግዛት ሥር ነው። ዘጠኙንም በአንድ ቀን የሚያዞሩ መኪኖች አሉ። ተሳፍሬባቸው አውቃለሁ። ማታ ላይ የትኛው የትኛው እንደነበር ተምታታብኝ። ቢያንስ ሁለት ቀን ስጡት። አረጋዊ ከያዛችሁ ሦስት ቀን።

ቀኑንም ምረጡ። ቅዳሜ የሳተርን ቀን ስለሆነ ቲሩናላር ይጨናነቃል። ሐሙስ አላንጉዲ። እሁድ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያለው ከዘጠኙ አንዱ የሆነው የራሁ ሰዓት ነው፤ በቲሩናጌስዋራም ያኔ በራሁ ምስል ላይ ወተት ይፈሳል። ወተቱ ምስሉን ሲነካ ሰማያዊ ይሆናል ብለው ያምናሉ። ስለት ይዞ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ያንኑ ሰዓት ነው። እናንተ ለማየት ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ሌላ ቀን ሂዱና ቦታውን ለእሱ ልቀቁለት።

ወንዙን ያለ ወቅቱ መፈለግ

«ወንዙ የታለ?» ይሉኛል ሚያዝያ ላይ የመጡ። እግራቸው ሥር ያለው አሸዋ ነው ወንዙ። ካቬሪ ከጎረቤቱ ክፍለ ሀገር ከካርናታካ ተራሮች፣ ከታላካቬሪ ተነስቶ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዴልታው ላይ የሚደርሰው ውኃ ግን በ1934 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በተጠናቀቀው በሜቱር ግድብ እጅ ነው። ውኃ ካለ ግድቡ በልማድ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ሰኔ 12 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ደረቅ ወራት ብዙውን ጊዜ የምታዩት አሸዋና ጉድጓድ ነው።

ወንዙን በክብሩ ማየት ከፈለጋችሁ ነሐሴ 2 ወይም 3 አካባቢ፣ በፈረንጆቹ፣ አዲ ፔሩኩ ለሚባለው በዓል ድረሱ። የወንዙን መሙላት የሚያመሰግኑበት ቀን ነው። ሴቶቹ ቢጫ ክር፣ አምባርና አበባ ለወንዙ ይሰጣሉ። ቤተሰቡ የሎሚ ሩዝ፣ የተምር ሂንዲ ሩዝ፣ የኮኮናት ሩዝ፣ የእርጎ ሩዝ ቋጥሮ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ይበላል። ትሪቺ ባለው በስሪራንጋም፣ አማ ማንዳፓም በተባለው መታጠቢያ ደረጃ ላይ አንድ ቀን ከአከራዬ እናት ጎን ተቀምጬ ከአራቱም በልቻለሁ። የእርጎውን ሁለት ጊዜ።

ያልተለመደ ቦታ ላይ ግን ውኃ ውስጥ አትግቡ። በተለይ ኮሊዳም በሚባለው ቅርንጫፍ አሸዋ የተቆፈረበት ጉድጓድ ከላይ አይታይም። ውኃውም ከላይ ሲለቀቅ በድንገት ይጨምራል። ሰው በሚታጠብበት ደረጃ ላይ እግራችሁን አርጥቡ፤ ይበቃል።

ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የድንጋዩ ሙቀት ግን አዲስ ነው። ከረፋዱ በኋላ የግቢው ድንጋይ እንደ ምጣድ ይግላል። የተዘረጋ ምንጣፍ ወይም ነጭ የተቀባ መስመር ካለ በእሱ ላይ ሂዱ።

ከሰንደቁ ምሰሶ ወዲያ ለመግባት መከራከር

አንድ ወጣት ስሪራንጋም ላይ ከጠባቂ ጋር ሲጨቃጨቅ አግኝቼዋለሁ። «አክብሬ ነው የምገባው፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። ልቡ ንጹሕ ነበር። ግን ሂንዱ ያልሆነ ሰው ከዚህ አያልፍም የሚል ጽሑፍ ከፊቱ ተለጥፏል። ወደ ጎን ወሰድኩትና ቤተ ክርስቲያናችንን አስታወስኩት። ቅኔ ማኅሌት አለ፣ ቅድስት አለ፣ መቅደስ አለ። መቅደስ ውስጥ አንተ ራስህ ተጠምቀህም አትገባም። ካህናቱ ብቻ ናቸው የሚገቡት፤ መጋረጃም አለ። እዚህም ውስጠኛው ክፍል ጨለማ ነው፣ በዘይት መብራት ነው የሚታየው፣ ቄሶቹ ብቻ ይገባሉ። እምነቱ ሌላ ነው፤ ደጅ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ግን እኛ ከማንም በላይ ይገባናል። ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያ ጠባቂውን እጅ ነስቶ ሄደ። ወደድኩት።

ሁሉም ቦታ እኩል አይጠብቅም። ታንጃቩር በምትባለው ከተማ ለቀቅ ያለ ነው። ሌላው ዘንድ ከውስጠኛው ክፍል ፊት ካለው ከሰንደቁ ምሰሶ ላይ ያቆሟችኋል። የተባላችሁት ቦታ ላይ ቁሙ። ስሪራንጋም ላይ እዚያ ቆማችሁም የምታዩት አያልቅም፦ ሰባት ቅጥር፣ 21 ግንብ በር፣ 63 ሄክታር ገደማ ግቢ። በ1987 የተጠናቀቀው የደቡቡ ግንብ ብቻ ከ70 ሜትር በላይ ይረዝማል። ብዙ ሰው እሱን ፎቶ አንስቶ «አየሁት» ብሎ ይመለሳል። እሱ ገና የውጭው በር ነው። ከእሱ ወዲያ ሱቅ አለ፣ መኖሪያ ቤት አለ፣ ሰፈር አለ።

ስልክን በተመለከተ፦ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 መጨረሻ በታሚል ናዱ ቤተ መቅደሶች ውስጥ ስልክ እንዲከለከል አዟል። አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የውስጡን ምስል ፎቶ ማንሳት ግን የትም አትሞክሩ።

ስትዞሩ ቤተ መቅደሱን በቀኝ እጃችሁ በኩል አድርጉ። ሺቫ በሚሉት አምላካቸው ቤተ መቅደስ ደግሞ በበሬው በናንዲና በውስጠኛው ክፍል መካከል አቋርጣችሁ አትለፉ። ናንዲ ጌታውን እያየ ነው የተቀመጠው።

የተሰጣችሁን አለማወቅ

ቄሱ አመድ፣ ቀይ ዱቄት፣ ቅጠል ወይም ጣፋጭ ሩዝ ይሰጣችኋል። ፕራሳዳም ይባላል፤ ለአምላካቸው ቀርቦ የተመለሰ ነው። በግራ እጅ አትቀበሉ። የማትበሉ ከሆነም ችግር የለም። ብዙዎቻችን በእምነታችን ምክንያት አንበላም፤ በጾም ቀን ደግሞ ቅቤ እንዳለበት አትርሱ። በቀኝ እጃችሁ ተቀበሉና አጠገባችሁ ላለ ምዕመን በአክብሮት ስጡት፤ ደስ ብሎት ይወስዳል። አንዲት እህት ግን ተቀብላ ደረጃው ሥር ስታስቀምጠው አየሁ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አነሱት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ በሉት። ምንም አልተናገሩም። እህታችን ግን እስከ ማታ አላወራችም።

ገንዘብ የምትሰጡት በሣጥኑ ውስጥ ወይም ደረሰኝ በሚቆርጠው መስኮት ይሁን። በር ላይ ጠብቆ «ቄስ ነኝ፣ ልዩ ጸሎት ላድርግላችሁ» የሚለውን አመስግናችሁ እለፉ።

የዓባይን ክርክር ይዞ መሄድ

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ታንጃቩር አጠገብ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ገበሬ ስለ ካቬሪ ውኃ ያወራኛል። የላይኛው ተፋሰስ ካርናታካ ነው፣ የታችኛው እነሱ ናቸው። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2018 ፈርዶ የካርናታካን ድርሻ ትንሽ ከፍ አድርጎታል። እኔ ወዲያው ዓባይ ትዝ አለኝና የላይኛው ተፋሰስ መብት ምን እንደሆነ አስረዳው ጀመር። ሰውየው ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ማሳውን አሳየኝ። ኩሩቫይ የሚሉት የአጭር ጊዜ ሩዝ የሚዘራው የግድቡ ውኃ በጊዜ ከመጣ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት አልመጣም ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር።

አቋሜን አልቀየርኩም። ግን ያ ሰው ክርክር አልጠየቀኝም ነበር። እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ ስለ ውኃው ጠይቁ፣ ስሙ። ከቻላችሁ ካላናይን ሄዳችሁ እዩ። የቾላው ንጉሥ ካሪካላ ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ እንዳሠራው የሚነገርለት የድንጋይ ግድብ ነው፤ ዛሬም ውኃ ያከፋፍላል።

አስጎብኚ የነገራችሁን ሁሉ ማመን

ንጉሥ ራጃራጃ ቾላ በ1010 ያስጨረሰው የታንጃቩር ትልቁ ቤተ መቅደስ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል። በጥርብ ግራናይት ነው የተሠራው። ይህ ራሱ ይበቃል። ግን «ጥላው መሬት አይነካም» ይሏችኋል። ይነካል። ማለዳ ሄጄ ጥላው ውስጥ ቆሜአለሁ። የምትቸኩሉ ከሆነ ይልቅ ኩምባኮናም አጠገብ ላለው ለዳራሱራም ቤተ መቅደስ ጊዜ ስጡ። ትንሽ ነው፣ ፀጥ ያለ ነው፣ ቅርጹ በጣት የሚዳሰስ ያህል ቅርብ ነው።

ለበዓል የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ይህን ስሙኝ። በኩምባኮናም በየ12 ዓመቱ ማሃማሃም ይከበራል፤ ያለፈው በ2016 ነበር፣ የሚቀጥለው በ2028 ነው። ሕዝቡ የሚታጠበው ከተማዋ መሃል ባለው ትልቅ ኩሬ ነው። በ1992 በተፈጠረ ግፊያ ከ40 በላይ ሰው ሞቷል። በዋናው ቀን፣ በዋናው ሰዓት፣ ሕፃንና አረጋዊ ይዛችሁ ወደ ኩሬው ደረጃ አትውረዱ። በዓሉ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በ2016 አስር ቀን ነበር የቆየው። እኔ ከቤተሰብ ጋር ብሆን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዱ፣ ገና ሳይነጋ እወጣለሁ። ማደሪያውንም ከወራት በፊት ታንጃቩር ላይ እይዛለሁ፤ 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ በባቡር ይደረሳል።