ዘመን ተሻጋሪ መጽሐፍን በውይይት ማስተማር እንዴት ይቻላል

ይሄን የምጽፈው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክላሲክ መጽሐፍ በውይይት አስተምሩ ለተባላችሁ መምህራን ነው፣ በተለይ ሌክቸር ለለመደባችሁ። ብዙ ሰው ዲስከሽን ማለት "እሺ፣ እንዴት አያችሁት?" ብሎ መድረኩን መልቀቅ ይመስለዋል፣ ከዛ ክፍሉ ጭጭ ይልና መምህሩ ጨንቆት ራሱ ማውራት ይጀምራል፣ በቃ ተመልሶ ሌክቸር ሆነ ማለት ነው። ዋናው ስራ ያለው ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ነው፣ እሱም አንድ ጥያቄ ማዘጋጀት። አስር አይደለም፣ አንድ።

ጥሩ ጥያቄ የምለው እናንተም መልሱን እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ነው። መልሱን እያወቃችሁ ከጠየቃችሁ ተማሪዎቹ ቶሎ ይነቁባችኋል፣ ከዛ በኋላ መጽሐፉን ትተው እናንተ ምን መስማት እንደምትፈልጉ ነው የሚገምቱት። ሁለተኛ ደግሞ መልሱ መጽሐፉ ውስጥ የሚፈለግ ይሁን። ለምሳሌ የጥንቱን የግሪክ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን አንቲጎኔ ብንወስድ (ንጉሡ ወንድሟ እንዳይቀበር ቢከለክልም የቀበረችው የአንቲጎኔ ታሪክ ነው)፣ "ሕግ ይበልጣል ወይስ ሕሊና?" ብላችሁ ከከፈታችሁ አንድም ገጽ ያላነበበ ተማሪ ሰዓቱን ሙሉ ሊያወራበት ይችላል። እሱን ተዉትና እህቷን እስሜኔን እዩ። መጀመሪያ ላይ የወንድማቸውን ቀብር አላግዝም ብላ ነበር፣ አንቲጎኔ ስትያዝ ግን እኔም አለሁበት አብሬሽ ልሙት ትላለች፣ አንቲጎኔ ደግሞ እምቢ ትላታለች። ለምን? ልታድናት ነው? ተናዳባት ነው? ወይስ ክብሩን ለብቻዋ ስለፈለገችው? ሶስቱንም የሚደግፍ መስመር አለ፣ ስለዚህ ተማሪው ሳይወድ በግዱ ገጽ ይገልጣል፣ ትልቁ የሕግ ጉዳይም ሳትጠሩት ይመጣል።

አሜሪካ ያለው ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ከ1937 ጀምሮ ትምህርቱን በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ መንገድ ነው የሚሰጠው፣ ሴሚናሩ የሚጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው፣ መምህራኑም ፕሮፌሰር ሳይሆን ቱተር (አስጠኚ እንደማለት) ነው የሚባሉት። እኔ ይሄ አጠራር በጣም ትክክል ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ ዋናው አስተማሪ መጽሐፉ ነው።

ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ ባወጣችው ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ አካባቢ ብቻ እንደነበር አሳይታለች፣ 3 ሰከንድና ከዛ በላይ ሲታገሱ የተማሪው መልስ ረዘም ይላል፣ በራሱ ፈቃድ የሚናገረውም ይበዛል። ጥናቱ የተሰራው በልጆች የሳይንስ ክፍል ነው ግን ዩኒቨርሲቲም ያው ነው፣ እንደውም ከባድ መጽሐፍ ከሆነ ከዛም በላይ መታገስ ያስፈልጋል።

አንድ ሰው ሲመልስ "ጎበዝ፣ ትክክል" አትበሉ፣ ውይይቱ እዛው ይሞታል። "የቱ ገጽ ላይ ነው?" በሉ፣ ያነብላችኋል፣ ከዛ ሌላው "እኔ እንደዛ አልገባኝም" ይላል። ለዚህ ሁሉም አንድ ዓይነት እትም መያዝ አለበት፣ አለበለዚያ ገጽ ፍለጋ ላይ ሰዓቱ ያልቃል። አቀማመጡ ፊት ለፊት የሚያስተያይ ይሁን፣ ክፍሉ ከ20 ብዙ ከበለጠ ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹ ሲወያይ ግማሹ እያዳመጠ ማስታወሻ ይያዝ፣ ከዛ ይቀያየሩ። ስለ ደራሲው ሕይወትና ዘመን የግድ መነገር ያለበት ካለ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ቀድማችሁ ስጧቸው።

ዝምተኛ ተማሪን በድንገት "አንተስ ምን ትላለህ?" ማለት ያስደነግጣል፣ አንቀጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጋብዙት፣ ድምፁ አንዴ ከተሰማ ሁለተኛው ይቀለዋል። ብዙ የሚያወራውን ደግሞ "እሷ ቅድም ያለችውን በራስህ አባባል ንገረንና ቀጥል" በሉት፣ ማዳመጥ ይጀምራል።

ማርክ በንግግር ብዛት አትስጡ፣ ለማርክ ብሎ የሚያወራ ይበዛል። ከክፍል በፊት ግማሽ ገጽ ጽፈው ይምጡ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሐሳባቸውን የቀየረውን ወይም ያጠነከረውን መስመር ይጻፉ፣ እሱን አርሙ። ማንም ሳያነብ የመጣ ቀን ደግሞ አትቆጡ፣ አትበትኗቸውም፣ አንድ ገጽ ምረጡና እዛው አብራችሁ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አንብቡት።