ኬክ ስንጋግር የጎደለውን ነገር በምን እና እንዴት እንተካለን?

ቤት ውስጥ ኬክ ለሚጋግር ሰው፣ የጎደለ ነገር መኖሩ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ዱቄቱ ተነፍቶ፣ ስኳሩም ተለክቶ ካበቃ በኋላ ነው። ወደ ሱቅ ከመላክ በፊት፣ የጎደለው ነገር በሊጡ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር መለየት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ እንቁላል አንዳንዴ ሊጡን ለማያያዝ፣ አንዳንዴም ተመትቶ አየር እንዲይዝ የሚገባ በመሆኑ፣ ለመጀመሪያው ሥራ የሚበቃው ምትክ ለሁለተኛው ላይበቃ ይችላል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ነገር ከጎደለ ግን ሌላ ዓይነት ኬክ መጋገር ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቤኪንግ ፓውደር ነው። ቤት ውስጥ ቢኖርም ከቆየ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህሉን በሙቅ ውሃ ላይ ጨምሮ መፈተሽ ይገባል፤ ወዲያው አረፋ ካልደፈቀ እንደሌለ ይቆጠር። 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ በሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ እና በግማሽ የሻይ ማንኪያ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይተካል። ሶዳው ከዱቄቱ ጋር ይነፋል፤ አቼቶው ከፈሳሹ ጋር ይቀላቀላል፤ ሁለቱ የሚገናኙት ሊጡ ወደ መጋገሪያው ሊገባ ሲል ብቻ ነው። እኔ ግን እርጎ ወይም አሬራ ካለ እርሱን አስቀድማለሁ፤ ለዚያው ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ግማሽ ኩባያ ጨምሮ፣ በዚያው ልክ ከወተቱ መቀነስ በቂ ነው፤ ኬኩም ለስላሳ ይሆናል። ኮምጣጣ ነገር ሳይጨመርበት የገባ ሶዳ ግን የሳሙና ጣዕም ይሰጣል።

ሶዳና አቼቶ እንደተገናኙ ጋዝ መልቀቅ ስለሚጀምሩ፣ የተቦካው ሊጥ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ መጋገሪያው አስቀድሞ መጋል አለበት፤ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቀን ደግሞ ደረቁንና ፈሳሹን በየዕቃው አዘጋጅቶ መቆየትና ሙቀቱ ሲደርስ ብቻ መቀላቀል ነው። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ እርሱም የሚጋገርበት ቦታ ከፍታ ነው። ለምሳሌ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ያንሳል፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝም ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ ኬኩ ቶሎ ተነፍቶ መሃሉ ሊሰረጉድ ይችላል። ከውጭ አገር የተገኙ አዘገጃጀቶች አብዛኞቹ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ከእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር አንድ ስምንተኛ ያህሉን ቀንሶ መጀመር፣ ፈሳሹንም በ2 የሾርባ ማንኪያ መጨመር ይጠቅማል። በሶዳ የሚተካም ሰው ሩቡን የሻይ ማንኪያ ሞልቶ ሳይሆን ጎደል አድርጎ ይለካ።

እንቁላል የሚጎድለው አልቆ ብቻ ሳይሆን በጾም ምክንያትም ነውና ምትኩን ማወቅ ዓመቱን ሙሉ ይጠቅማል። ለአንድ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ማንኪያው ሲነሳ እየተዝለገለገ ከተከተለ ደርሷል። የተቆላው ተልባ ጣዕሙ በኬኩ ላይ ጎልቶ ስለሚወጣ ያልተቆላውን ፈጭቶ በወንፊት ማሳለፍ ይመረጣል። በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ ተፈጭቶ ሩብ ኩባያ ሲሆን፣ አንድ እንቁላል ይተካል፤ ነገር ግን ኬኩን ያከብደዋል፣ የሙዝ ጣዕምም ይሰጠዋል። እነዚህ ምትኮች አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ለሚጠይቅ ኬክ ይሠራሉ። ሙሉ በሙሉ በተመታ እንቁላል የሚነፋውን ስፖንጅ ኬክ ግን በተልባ ልጋግር ማለት ዱቄትና ስኳር ማባከን ነው።

ቅቤን በሚመለከት አስቀድሞ መባል ያለበት፣ ለወጥ የተነጠረው ቅቤ ለኬክ እንደማይሆን ነው፤ የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ቫኒላውን ይውጠዋል። ከገበታ ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ፣ ቀሪው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ በ1 ኩባያ ቅቤ ፈንታ ሦስት አራተኛ ኩባያ ዘይት ይበቃል። ቅቤው ከስኳር ጋር ተመትቶ አየር እንዲይዝ የሚፈለግበት ብስኩት ግን በዘይት ሲሠራ ይዘረጋል፣ ቅርጹንም አይጠብቅም። በሲዳማ በብዛት የሚመረተው አቮካዶ በደንብ ሲበስልና ሲላም በቅቤው ክብደት ልክ ይገባል፤ አረንጓዴ ቀለሙ እንዳይታይ ካካዎ ያለበት ኬክ ላይ መጠቀም ነው።

ወተት ካለቀ በልኩ ውሃና ጥቂት ዘይት፣ ወይም የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ይተካዋል። የኬክ ዱቄት ከጠፋ፣ ከ1 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ አውጥቶ በዚያው ልክ የበቆሎ ስታርች መተካትና ሁለት ጊዜ መንፋት ነው። ደረቅ ቡላም የስታርችን ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም የእንሰቱ ሽታ ስለሚቀር፣ በጥቂቱ ሞክሮ ካልወደዱት መተው ይሻላል።

ስኳር ሲጎድል ለ1 ኩባያ ሦስት አራተኛ ኩባያ ማር ይበቃል። ማር ውሃም አሲድም ስላለው ከሌላው ፈሳሽ 3 የሾርባ ማንኪያ ይቀነሳል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳም ይጨመራል፤ አቼቶ ወይም እርጎ አስቀድሞ ከገባ ግን ይህ ጭማሪ ሶዳ ይቀራል። ማር ከስኳር ቀድሞ ስለሚጠቁር የመጋገሪያው ሙቀት በ15 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይደረግ፤ በምትክ የተሠራ ኬክ በተጻፈለት ሰዓት ልክ ላይደርስ ስለሚችልም፣ ሰዓቱ ሊሞላ 10 ደቂቃ ሲቀረው መሃሉን በቀጭን ስንጥር ወግቶ ማየት፣ እርጥብ ሊጥ ይዞ ከወጣ ደግሞ በየ5 ደቂቃው እየፈተሹ መጠበቅ ያስፈልጋል።