የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ ጥፋቱን እንዴት መለየትና የኦክስጅን ሴንሰርን እንዴት መቀየር እንደሚቻል

በዳሽቦርድ ላይ የሚበራው ቢጫ የሞተር ምልክት፣ በተለምዶ «ቼክ ኢንጂን» የሚባለው፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ከሚጠብቀው የተለየ መረጃ እንደደረሰው ያሳውቃል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። የኮምፒውተሩን መረጃ በሚያነበው መሣሪያ፣ በስካነሩ ላይ፣ የኦክስጅን ሴንሰር ስም ስለታየ ብቻ በቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሴንሰር የሚገዛ ባለመኪና፣ አዲሱ ዕቃ ተገጥሞ መብራቱ እንደገና ሲበራ ጥፋቱ የሽቦ ወይም የጭስ ማውጫ እንደነበር የሚረዳው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች የተጻፈው አብዛኛው ስለ ምርመራው ነው፤ መቀየሩ ራሱ፣ ሴንሰሩ በዝገት ካልተያዘ በስተቀር፣ አጭር ሥራ ነው።

ሴንሰሩ የሚለካው ከተቃጠለው ጭስ ውስጥ ሳይቃጠል የቀረውን ኦክስጅን ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ስለሚያስፈልገው፣ ኮምፒውተሩ ከካታላይዘሩ (በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ጭሱን ከሚያጣራው ዕቃ) በፊት ያለውን ሴንሰር ንባብ እየተከተለ ኢንጀክተሮቹ የሚረጩትን ቤንዚን በየቅጽበቱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከካታላይዘሩ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር ዋና ሥራው ካታላይዘሩ ጭሱን በሚገባ ማጣራቱን መከታተል ነው። ስለዚህ የፊተኛው ሲደክም ቤንዚን የሚበላ መኪና ሲያስከትል፣ የኋለኛው ቢሞት አሽከርካሪው ከመብራቱ በቀር ምንም ለውጥ ላያስተውል ይችላል።

በመጀመሪያ መብራቱ ሳይቋረጥ የሚበራ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል መሆኑን ይመልከቱ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ከሲሊንደሮቹ አንዱ በተራው ቤንዚኑን ሳያቃጥል እየዘለለ ነው ማለት ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚነድና ዕቃውን ስለሚያቀልጠው፣ መኪናውን ዳር አስይዞ ማቆምና ካንዴላዎቹንና ኮይሎቹን ማስመርመር ይገባል። ከቼክ ኢንጂኑ ጋር ቀዩ የዘይት ወይም የሙቀት ምልክት አብሮ ከበራም ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። ሳይቋረጥ የሚበራ ቢጫ መብራት ግን በአብዛኛው ወደ ቤት ለመድረስ ጊዜ ይሰጣል። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ላሰበ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ምልክቱ መብራት አለበት፤ በዚያን ጊዜ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ ማንበብ ነው። አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው የምርመራ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ሥር፣ ከአሽከርካሪው ጉልበት በላይ ይገኛል። በስልክ መተግበሪያ የሚሠራ አነስተኛ የብሉቱዝ ስካነር ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ሶኬቱ ላይ ይሰኩትና ቁልፉን ይክፈቱ፣ ሞተሩን ግን ለጊዜው አያስነሱት። የሚታየውን ኮድ ከነቁጥሩ ይጻፉ፤ ስካነሩ የሚችል ከሆነም ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት አብረው ይያዙ። ይህ ሳይደረግ ኮዱን ማጥፋት ወይም የባትሪውን ገመድ ነቅሎ መመለስ ማስረጃውን ያጠፋል። በየጋራዡ «አጥፍተንልሃል፣ ተመልሶ ከበራ ና» የሚለው አሠራር የማይመከረው ለዚህ ነው።

ኮዶቹን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያያዙትን ጥቂቶቹን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ፒ 0135 በፊተኛው ሴንሰር ውስጥ ያለው ማሞቂያ መስመሩ መቋረጡን ወይም መበላሸቱን ያመለክታል፤ ፒ 0141 ይህንኑ ስለ ኋለኛው ይላል። ፒ 0171 ድብልቁ ቤንዚን እንዳነሰው፣ ፒ 0172 ቤንዚን እንደበዛበት፣ ፒ 0420 ደግሞ ካታላይዘሩ ሥራውን በሚገባ እንደማይሠራ ይናገራሉ። ከእነዚህ ወደ ሴንሰሩ በቀጥታ የሚያመለክቱት የማሞቂያዎቹ ኮዶች ብቻ ናቸው። ፒ 0171 ሲታይ ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል፤ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ይህንኑ ኮድ ያመጣሉ። ስካነሩ ከኮዱ ጋር «ባንክ» ብሎ የሚጽፈው የሲሊንደሮቹን ረድፍ ነው። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ ሲሊንደሮቻቸው በአንድ መስመር የተደረደሩ ሞተሮች ላይ ስለ ሁለተኛው ረድፍ ማሰብ አያስፈልግም፤ በቪ ቅርጽ በተሠሩት ላይ ግን «ባንክ 1» የሚባለው ሲሊንደር ቁጥር 1 ያለበት ጎን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ማብራሪያም አለ፤ «ከተማው ከፍታ ስላለው ነው» ይባላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ መሆኑ እውነት ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሞተሩ ጉልበት የሚያንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁንና በኢንጀክተር የሚሠራ መኪና የሚገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን ስለሚያስተካክል ከፍታው ብቻውን ቼክ ኢንጂን አያበራም። ይህን ምክንያት የሚሰጥ መካኒክ ምርመራውን ገና አልጀመረም ማለት ይቻላል።

ሴንሰሩን ከመጠርጠር በፊት በዓይን የሚታየውን ይመርምሩ። ኮፈኑን ከፍተው የሴንሰሩን ሽቦ ከሥሩ እስከ ሶኬቱ ይከተሉ፤ ከጭስ ማውጫው ጋር ተነካክቶ የቀለጠ፣ በአይጥ የተበላ ወይም በቴፕ የተጠጋገነ ቦታ ካለ ጥፋቱ እዚያው ሊሆን ይችላል። የኋለኛው ሴንሰር በመኪናው ሆድ ሥር ስለሚገኝ በተቆፋፈረ መንገድ ላይ ድንጋይ ሽቦውን ሊበጥሰው ይችላል። የማሞቂያውን ፊውዝም ይፈትሹ፤ ተቃጥሎ ከሆነ የሚያስፈልገው ፊውዝና የተቃጠለበትን ምክንያት ማግኘት ነው። በመጨረሻም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነስተው ከሴንሰሩ በፊት ባለው የጭስ ማውጫ መጋጠሚያ ላይ ጭስ የሚያፈስ ድምፅ መኖሩን ያዳምጡ። በዚያ ቀዳዳ የውጭ አየር ስለሚሳብ ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን ቆጥሮ ቤንዚን አንሷል ብሎ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ያለ ምክንያት ቤንዚን ይጨምራል። ይህ ጥፋት በብየዳ ወይም በጓርኒሲዮን ለውጥ የሚስተካከል ነው።

ከዚህ በኋላ ሴንሰሩን ራሱን መፈተን ይቻላል። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ በስካነሩ የቀጥታ ንባብ ላይ የፊተኛውን ሴንሰር ይመልከቱ። የተለመደው ዓይነት ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየተመላለሰ ይንቀሳቀሳል፤ በአንድ ቁጥር ላይ ደርቆ የሚቀር ወይም እየተጎተተ የሚለዋወጥ ከሆነ ደክሟል። የኋለኛው ግን በተቃራኒው ረጋ ብሎ መቆየት አለበት፤ የፊተኛውን እንቅስቃሴ እየተከተለ የሚዘል ከሆነ የተዳከመው ወይም ውስጡ ተቦርቡሮ የወጣው ካታላይዘሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ከፊት በኩል የሚገጠምላቸው የአየርና የቤንዚን መጠን ለኪ የሚባለው ሰፊ መለኪያ ያለው ዓይነት ስለሆነ ቮልቱ ከላይ በተጠቀሰው መጠን አይመዘንም፤ በአንድ ቁጥር አካባቢ ረግቶ መታየቱም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ማሞቂያውን ለመፈተን ሞተሩን ያጥፉ፣ ሲቀዘቅዝ የሴንሰሩን ሶኬት ይንቀሉና በቴስተር ተመሳሳይ ቀለም ባላቸው ሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን ኦም ይለኩ። በብዙ ሴንሰሮች ላይ እነዚህ የማሞቂያው ሽቦዎች ናቸው። ጥቂት ኦም ከታየ ማሞቂያው ደህና ነው፤ ቴስተሩ መስመሩ እንደተቋረጠ ካሳየ ግን ሴንሰሩ በእርግጥ ሞቷል፣ መግዛትም አሁን ይገባል።

ወደ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተሩን ዓይነት፣ ከተቻለም በሴንሰሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። የፊትና የኋላ ሴንሰር ሲተያዩ ቢመሳሰሉም ብዙ ጊዜ አይተካኩም። ሽቦው ተቆርጦ ከአሮጌው ሶኬት ጋር የሚቀጠል ሁለንተናዊ ሴንሰር ርካሽ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ ብዙ ሴንሰሮች ማነጻጸሪያ የሚሆናቸውን ንጹሕ አየር በሽቦው ውስጥ ስለሚስቡ በቆርቆሮ የተበየደ ቅጥያ ያንን መተንፈሻ ሊዘጋው ይችላል። ያገለገለ ሴንሰርም ስንት ዘመን እንደቀረው ማንም ሊያውቅ አይችልም። ካርቶኑ የታወቀ ስም ስለያዘ ብቻ አይመኑ፤ በዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከካርቶኑ ጋር መስማማቱን እዚያው ቆመው ያመሳክሩ።

ለመቀየር የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉ። ከሥር መግባት ካስፈለገ መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁመው፣ ጎማውን አስደግፈው በክሪክ ያንሡትና በብረት ማቆሚያ ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ሞተሩ እጅ በማያቃጥል መጠን ለብ ያለ ቢሆን ሴንሰሩ በቀላሉ ይለቃል። አስቀድመው ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ሥሩ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ረጭተው ጥቂት ይጠብቁ፣ ከዚያም በ22 ሚሊ ሜትር ቁልፍ፣ በተለይም ሽቦው የሚያልፍበት ስንጥቅ ባለው የሴንሰር ቡሶላ ቁልፍ፣ ወደ ግራ ያዙሩት። ከተላቀቀ በኋላ መልሶ ከጠነከረ በግድ አይጎትቱት፤ ወደፊትና ወደ ኋላ እያመላለሱና ስፕሬይ እየጨመሩ ያውጡት፣ አለበለዚያ የጭስ ማውጫው ጥርስ አብሮ ይወጣል።

አዲሱ ሴንሰር ጥርሱ ላይ ቅባት ተቀብቶ ከመጣ ሌላ አይጨምሩ፤ ካልተቀባ ለሙቀት የሚሆነውን ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ በስሱ ይቀቡት። ጫፉን በእጅ አይንኩት፣ ሲሊኮንም በአቅራቢያው አያድርሱ፤ የሲሊኮን ተን ሴንሰርን ይመርዛል። በቁልፍ ከማጥበቅዎ በፊት መጀመሪያ በእጅ እስኪቆም ድረስ ያስገቡት፣ ከዚያ በአምራቹ መጠን ያጥብቁት፤ ለብዙ መኪናዎች 40 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ሽቦውን እንደ ቀድሞው መያዣዎቹ ላይ አስረው ከጭስ ማውጫው ያርቁት፤ ሶኬቱም ቀጭ ብሎ እስኪይዝ ይግፉት።

ባትሪውን መልሰው ኮዱን በስካነር ያጥፉና ሞተሩን አስነሥተው በሴንሰሩ ሥር ጭስ አለመፍሰሱን ያረጋግጡ። የኮምፒውተሩ ራስን የመመርመር ሥራ በፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ ብቻ አይጠናቀቅም፤ ከቀዝቃዛ ሞተር ተነሥተው ለምሳሌ ከሜክሲኮ በሳር ቤት በኩል ወደ ቀለበት መንገድ ወጥተው በተመጣጠነ ፍጥነት መንዳት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ መብራቱ ባይበራም ስካነሩ ላይ «በመጠባበቅ ላይ ያለ» ኮድ መኖሩን አንድ ጊዜ ይመልከቱ። የማሞቂያው ኮድ ተመልሶ ከታየ ሴንሰሩን ለመመለስ ከመሄድዎ በፊት ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን አስነሥተው በመኪናው በኩል ባለው ሶኬት ላይ 12 ቮልት መድረሱን ይለኩ፤ ካልደረሰ መስመሩን ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩ።