ቢሮም አምቡላንስም፦ እንጀራችሁን ሳታጡ የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን

የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን የሚከብደው ደም ማየት ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። የሚከብደው በነጋታው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቶ አሻራ መስጠት ነው።

እኔ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የግል ድርጅት ደመወዝ የምሰራው እኔ ነኝ። ከዚያ ውጪ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ነኝ። አንዳንድ ሌሊት አምቡላንስ ላይ አድራለሁ፤ በበዓል ደግሞ ጃን ሜዳ ወይም መስቀል አደባባይ ሰደርያዬን ለብሼ ተስካር እንደተጠራ ሰው ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ። ስድስት አመት ሆነኝ። የመጀመሪያውን አመት ሳልባረር እንዴት እንዳለፍኩት እስካሁን ይገርመኛል።

1. የትኛውን እንደምትችሉ ወስኑ

ስራው ሶስት አይነት ነው። አንደኛው ቀኑ ቀድሞ የሚታወቅ ነው፦ ጥምቀት፣ መስቀል፣ ኢሬቻ፣ ታላቁ ሩጫ። ሁለተኛው ተራ የሚወጣለት ነው፦ የአምቡላንስ አዳር። ሶስተኛው ድንገት የሚመጣው ነው፦ ጎርፍ፣ ቃጠሎ፣ ናዳ።

ቋሚ ስራ ያለው ሰው በአንደኛው ይጀምር። ጥምቀት ጥር 11 እንደሚውል አለቃችሁም ያውቃል፤ ቢሮውም ዝግ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠናውን ጨርሳችሁ ስትመዘገቡ ግን «በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነኝ» እንዳትሉ። እኔ ብዬ ነበር። አስተባባሪን የሚያስቸግረው እመጣለሁ ብሎ የሚቀር ሰው ነው። «በወር ሁለት አርብ ብቻ እችላለሁ» የሚለውን ሰው ይወዱታል፤ ተራ ሲያወጡ ያምኑታል።

2. ህጉን አንብቡ፣ ግማሽ ሰዓት ነው

የግል ድርጅት ሰራተኛ ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። የመንግስት ሰራተኛ የሚተዳደርበት ህግ ሌላ ነው። አዋጁ ውስጥ ለበጎ ፈቃድ ተብሎ የሚሰጥ እረፍት የለም። ያላችሁ የአመት ፈቃድ ነው፦ ለመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት አመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ማግኘት ይቻላል፤ እሱም በአንድ የበጀት አመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የእናንተ ጥሪ «አሳሳቢ ሁኔታ» ነው ወይስ አይደለም የሚለው ላይ ከሰው ሀብት ጋር ልትከራከሩ ትችላላችሁ። ባትደርሱበት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ይህቺን ያዙ፦ በጽሁፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ወይም 5 ቀን የቀረ ሰው ተጨማሪ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል። «ሰው ሳድን ነው ያረፈድኩት» የሚል ሳጥን የአሻራ ማሽኑ ላይ የለም።

3. አለቃችሁን አናግሩ

ሁሉም የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም።

ሰባት ወር ሙሉ ለማንም ሳልናገር ሰራሁ። መናገር ጉራ መሰለኝ። «ጽድቁን ሲያወራ» እንዳልባል ብዬ። ቢሮ የሚያየው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ሰኞ ሰኞ አይኑ ቀልቶ የሚገባ፣ ከሰዓት ኮምፒውተር ላይ የሚያንቀላፋ፣ ስልኩ ሲጮህ ኮሪደር ወጥቶ በሹክሹክታ የሚያወራ ሰው። አንድ ቀን አለቃዬ ጠራኝና በሩን ዘጋ። ወንበር ሰጠኝ። እሱ ወንበር ከሰጠ ነገሩ ከባድ ነው። «አየህ፣ መጠጥ ብዙ ጎበዝ ልጅ ጥሏል» አለኝ በለሆሳስ። «ችግር ካለብህ ንገረኝ፤ የማውቀው ጥሩ ሐኪም አለ።»

እውነቱን ነገርኩት። ትንሽ አየኝና «ስንት ይከፍሉሃል?» አለ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጥያቄ ለእናንተም ይመጣል፤ ከመግባታችሁ በፊት አጭር መልስ አዘጋጁ። የእኔ አሁን «ሰፈራችን አንድ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ሁላችንም ከበን ቆመን አየነው፤ ሁለተኛ ከቆሙት ውስጥ መሆን አልፈልግም» የሚል ነው። እውነት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አይመጣም።

እንዴት ይነገር? ሰኞ ጠዋት አይሁን። የወር መዝጊያ ሰሞን አይሁን። ሰው ፊትም አይሁን፤ ሰው ፊት የተጠየቀ አለቃ ወይ ለታዛቢ ብሎ ይፈቅዳል፣ ወይ ለታዛቢ ብሎ ይከለክላል። እኔ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከቡና በኋላ ያለችውን ሰዓት እመርጣለሁ።

ሁለት ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። አንዱ በጎ ፈቃደኛ መሆናችሁን የሚገልጽ፣ ማህተም ያለው የቅርንጫፋችሁ ደብዳቤ ነው። ማህተም ያላየ አለቃ ወሬ የሰማ ነው የሚመስለው። ሌላውን ራሳችሁ ጻፉት፤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። የእኔ ላይ ያለው ይህን ያህል ነው፦ በስራ ሰዓት ለመደበኛ ተራ አልወጣም። ከወሩ 25 በኋላ ደመወዝ እስኪከፈል አዳር አልገባም። ትልቅ አደጋ ደርሶ ቅርንጫፉ ከጠራኝ ቀድሜ አስፈቅዳለሁ፣ የምቀርበት ቀን ከአመት ፈቃዴ ይቆረጣል፣ በዓመት ከአራት ቀን አይበልጥም። ስሌለ ስራዬን የምትሸፍነው እገሊት ናት።

አያችሁ፣ ገጹ ላይ የእኔ ግዴታ እንጂ የእሱ ግዴታ የለም። ስለዚህ ለመፈረም አልከበደውም። አንዱን ኮፒ የግል ማህደሬ ውስጥ አስገባሁ። አለቃ ይቀየራል፤ የቃል ስምምነት ከአለቃው ጋር አብሮ ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሰው እየሞተ እርስዎ ስለ ሪፖርት ያወራሉ» አትበሉ፤ በቀልድም ቢሆን። አዎ፣ ይፈቀድላችኋል። ይሉኝታ ይይዘዋል። በይሉኝታ የተሰጠ ፈቃድ ግን ሁለት ወር አይቆይም፤ ሂሳቡም የስራ አፈጻጸም ሲሞላ ይወራረዳል።

4. የሚሸፍናችሁን ሰው በብድር ያዙ

በችሮታ አይሆንም። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ እኔ ስሌለ ትሸፍናለች፤ እሷ የልጆቿ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ እሸፍናለሁ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ካለባት እኔ ልግባ እላለሁ። የፋይሎቹን ቦታና ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፌ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አደጋ ቦታ ቆሜ «ያቺ ኤክሴል የት ናት?» የሚል ስልክ ማንሳት አልፈልግም።

5. አዳርና ወሳኝ ስራ አይገናኙ

አንድ ጊዜ አገናኘኋቸው። እሁድ ሌሊት ነበር፤ የቀለበት መንገድ አደጋ፣ ከዚያ አንዲት ወላድ፣ ከዚያ ሊነጋ ሲል አንድ የወደቀ ሽማግሌ። አይኔን ሳልከድን ቢሮ ገባሁ። የደመወዝ ቀን ነው። የዘበኛችን መስመር ላይ ፎርሙላው የተሳሳተ መሰለኝና በእጄ ጻፍኩበት። 8,450 መሆን የነበረበት 84,500 ሆነ። ድምሩም ከዚያው ሰንጠረዥ የተወሰደ ስለሆነ ተስማማ። አለቃዬ ፈረመ። ባንክ ሄደ።

ከሰዓት ጋሼ ዘበኛው ቢሮ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ስልካቸውን ክንዳቸው እስከሚደርስ አርቀው ያዙና «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። «ዜሮዋ በዛች መሰለኝ።»

እሳቸው ባይመጡ ኖሮ ይህን ጽሁፍ ስራ ፈላጊ ሆኜ ነበር የምጽፈው። ገንዘቡ በማግስቱ ተመለሰ። ማስጠንቀቂያው ግን ማህደሬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ ይህ ነው፦ አዳር የምገባው አርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው። በሳምንቱ መሃል የግድ ከሆነ በማግስቱ ገንዘብ የሚነካ ነገር አልሰራም፤ ፋይል አስተካክላለሁ፣ ደብዳቤ እመልሳለሁ። ሹፌር፣ ነርስ ወይም ማሽን ላይ የምትሰሩ ከሆነ ይህም አይበቃም፤ የማግስቱን ቀን ፈቃድ ውሰዱ። ካደራችሁ በኋላ መኪና አትንዱ። ታክሲ ግቡ። አምስተኛ ቡና እንቅልፍ አይተካም፤ እጅ ነው የሚያንቀጠቅጠው።

ለቀን አያያዝ ስልክ ላይ ያሉትን መተግበሪያዎች ሞክሬያቸዋለሁ። አልወደድኳቸውም። ችግሩ ቅርንጫፋችን ተራ የሚያወጣው በእኛ አቆጣጠር፣ ቢሮዬ ስብሰባ የሚጠራው በፈረንጅ መሆኑ ነው። «በ12» ሲባል የየትኛው 12? በዚህ ምክንያት አንድ ተራ አምልጦኛል። አሁን ሁለቱም ቀን የታተመበት የግድግዳ ካላንደር ገዝቼ ወጥ ቤት በር ላይ ሰቅያለሁ። ቀይ አዳር፣ ሰማያዊ ቢሮ። ባለቤቴም ታየዋለች፤ «ዛሬም?» የሚለው ጥያቄ በግማሽ ቀንሷል።

6. ቦርሳና ስልክ

ያሸበረቀ የእርዳታ መስጫ ሳጥን በውድ አትግዙ። አምቡላንሱ ላይ እቃ አለ። የእናንተ ቦርሳ የራሳችሁ ነው፦ ከፋርማሲ የተገዛ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ውሃ፣ ደረቅ ካልሲ። ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ የታጠፈ ሸሚዝና ሳሙና። በረኪናና ጭስ እየሸተታችሁ ስብሰባ አትግቡ።

የቴሌግራም ግሩፖቹን ሁሉ ድምጽ አጥፉባቸው። የአስተባባሪውን ቁጥር ብቻ የተለየ ጥሪ ስጡት። የሚፈልጋችሁ ሰው ይደውላል።

7. ጥሪው በስራ ሰዓት ሲመጣ

ተነስታችሁ አትሩጡ። መጀመሪያ ጥያቄ፦ የጠራኝ ማነው? ጓደኛ ከደወለ፣ ወይም ፌስቡክ ላይ ካያችሁት፣ ጥሪ አይደለም። ቦታው ላይ ያለው ሰው 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ አዲስ አበባ ከሆነ 939 ለእሳትና አደጋ መከላከል መደወሉን አረጋግጡ። ከዚያ ወደ ስራችሁ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017፣ ሰኞ ማታ፣ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ስልኬ አላረፈም። «አንተ እቤት ምን ትሰራለህ?» የሚል ዘመድ ሁሉ ደወለ። አስተባባሪዬን ጠየቅኩ፤ «ተረኞቹ አሉ፣ ከፈለግንህ እንደውላለን» አለ። ቁጭ አልኩ። ቁጭ ማለት ከመሄድ ይከብዳል። መርካቶን የምታውቁ ግን ታውቃላችሁ፤ በዚያ መንገድ ላይ አንድ ተጨማሪ ሰው ለእሳት አደጋ መኪና አንድ ተጨማሪ እንቅፋት ነው።

ሳይጠሩ መሮጥ ሌላም ጣጣ አለው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን፣ ጌዜ ጎፋ ላይ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሰበሰበው ህዝብ ላይ ሁለተኛ ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እነዚያ ሰዎች ጎረቤቶች ነበሩ፤ የሚጠብቁት ሌላ ሰው አልነበረም። እናንተ ግን የምትጠይቁት አስተባባሪ አላችሁ። ቦታው መረጋገጡን ሳትሰሙ አትግቡ።

በትክክል ከተጠራችሁ ደግሞ ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ ለአለቃ ንገሩ፣ ለሚሸፍናችሁ አስረክቡ፣ የጀመራችሁትን ፋይል ሴቭ አድርጉ፣ ውጡ። አለቃችሁ ስልክ ካላነሳ መልእክት ጽፋችሁ እስኪመልስ ጠብቁ። «ነግሬው ነበር» እና «ፈቅዶልኝ ነበር» አንድ አይደሉም።

8. ስትመለሱ

ሻይ ላይ አታውሩት። ማን እንደተጎዳ፣ የት ሰፈር፣ ምን ለብሶ እንደነበር የሰውየው ጉዳይ ነው። ፎቶ ጭራሽ አይታሰብም። ከብዷችሁ ከሆነ ግን አብረዋችሁ ከነበሩት ጋር አውሩ። ህጻን ያጣችሁበት ሌሊት ከሆነ ያንን ቀን ፈቃድ ውሰዱ፤ ከ16ቱ አንዷ ለዚህ ትዋል።

ለቢሮው የምትመልሱት ነገር ካላችሁ ደግሞ መልሱ። እኔ ባለፈው ክረምት ለባልደረቦቼ ግማሽ ቀን የመጀመሪያ እርዳታ አሳየሁ፤ ሃሳቡ የአለቃዬ ነው። ለማሳያ የቢሮውን የእርዳታ ሳጥን ስንፈልግ ተቆልፏል። ቁልፉ ስቶር ኪፐሩ ጋ ነው፣ ስቶር ኪፐሩ ምሳ ወጥቷል። አርባ ደቂቃ ጠበቅነው። ሲከፈት ውስጡ ጊዜው ያለፈበት አዮዲንና አንድ ጓንት ነበር፤ ጥንድ ሳይሆን አንድ። አሁን ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጸን ጋሼ ዘበኛው ዘንድ አስቀምጠናል።